በድምፅ ብልጫ የተቀበሩት ሰብሳቢ

ቢንያም ፖስታውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ሲገፋው ደብዳቤ መሰለኝ።

እንዲመስለኝ ምክንያት ነበረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጽፍልኝ ኖሯል። በስልክ ድምፄ ስለሚጠፋ፣ ፊት ለፊትም ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ስለማይወጣኝ፣ ገና በትውውቃችን ሰሞን «እንግዲያው እንጻጻፍ» ብሎ የጀመረው እሱ ነው። እሱ ሱሉልታ አንድ ሕንፃ የሚያሠራ መሐንዲስ ነው፤ እኔ ቡራዩ የአማርኛ መምህርት ነኝ። የሁለታችንም ቤተሰብ ያለው ሰበታ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ነው። ሰበታ ግን አብረን ታይተን አናውቅም። የእኔ አባት ተክሉ የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ ነበር። የእሱ አባት አቶ አሥራት የዚያው እድር ሰብሳቢ ናቸው። በመካከላችን ያለው ርቀት ያ ነበር፤ እሱም ሊያበቃ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዕለቱ አርብ ነው፣ ሽማግሌ የሚላከው እሑድ ከሰዓት በኋላ።

ስለዚህ ፖስታውን አይቼ ፈገግ አልኩ።

«አሁን ብታነቢው ይሻላል» አለኝ።

«ቤት ሄጄ።»

«ማሪ፣ እዚሁ ክፈቺው። ከዚያ እናወራለን።»

«አፍራለሁ» አልኩት፤ እውነቴን ነበር። ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለችው ካፌ አጠገባችን ልምምድ የጨረሱ ሁለት ሯጮች ጫማቸውን ፈተው፣ እግራቸውን ዘርግተው ሻይ ይጠጣሉ። በሰው ፊት የፍቅር ደብዳቤ ማንበብ ለእኔ በሰው ፊት ልብስ እንደመቀየር ነው። ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቢንያም ቦርሳዬን አየ። የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣ። ታክሲ ድረስ ሸኝቶኝ በመስኮቱ በኩል «እንዳትቆጪኝ» አለኝ። ደብዳቤው ስላጠረ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ታክሲው ተነስቶ እስኪርቅ ድረስ መንገዱ ዳር ቆሞ አየኝ፤ እኔም እንዲህ የሚያየኝ ሰው ስላለ ደረቴ ሞላ።

*

ደብዳቤ አልነበረም። የራሴ ታሪክ ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ተደልዞ።

ለተማሪዎቼ አስፈሪ ታሪኮች እጽፋለሁ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ምክር ሲሰሙ ያንቀላፋሉ፤ ሬሳ ሲሰሙ ይነቃሉ። ረቡዕ ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በድምፅ ማጉያ ይነበባሉ። በአንዱ ታሪክ አንድ አስከሬን የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ከመቃብር ወጥቶ ይሰለፋል፤ «ባለጉዳዩ ራሱ መቅረብ አለበት» ተብሎ ነው፤ ሲቀርብ ደግሞ «በሕይወት ለቆመ ሰው አንሰጥም» ይሉታል። ልጆቹ እየጮኹ ይስቃሉ። ትምህርት ቤቱ ሰባቱን ታሪክ ሰብስቦ ሊያሳትመው ነው። ሰባተኛው ስለ አንድ ጡሩምባ ነፊ ነው።

ጡሩምባ ነፊው ለሰፈሩ ሙታን ሁሉ ሲነፋ ኖሮ አንድ ቀን እሱ ይሞታል። የሚነፋለት ስለሌለ ማንም አይሰማም፤ ለቀብሩ ማንም አይመጣም። በሦስተኛው ቀን ይነሳል፤ ከነከፈኑ በየበሩ እየዞረ ይነፋል። ሰው ነጠላውን ደርቦ ይወጣል። «ማን ሞተ?» ይሉታል። «እኔ» ይላል። «አንተማ ተቀጣሪ ነህ እንጂ አባል አይደለህም» ብለውት ተመልሰው ይተኛሉ። እሱም ይናደዳል፤ በየማለዳው የሰብሳቢውን ሞት ይለፍፍ ጀመር። እድርተኛው ስም ስለሚጠራበት ሳይቀር ይመጣል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ሰብሳቢው ፒጃማ ለብሰው «አልሞትኩም» ይላሉ። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ሰብሳቢው በሕይወት መኖራቸውን ገልጸው ተቃውሞ ቢያሰሙም፣ በአሥራ አንድ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ እንዲቀበሩ ተወሰነ።»

ይህን ታሪክ አንድ ተማሪ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለቆታል። የቢንያም ታናሽ እህት ቲቲ ሰበታ ሆና አግኝታው ምሳ ላይ ለቤተሰቡ ጮክ ብላ አነበበችው፤ አባቷ ማላመጥ ማቆማቸውን እስክታይ ድረስ እየሳቀች። ይህን ቢንያም ነግሮኛል። «አባባ ትንሽ ቅር ብሎታል፤ ያልፋል» ነበር ያለኝ።

አላለፈም። ቀዩ ጽሑፍ የአቶ አሥራት ነው። በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ «ይህ ሟርት ነው» ይላል። «ሟች ከመቃብር ከመውጣቱ በፊት ለእድሩ ጸሐፊ ማሳወቅ ነበረበት» ይላል ሁለተኛው ገጽ። ድምፅ የተሰጠበት ቦታ ላይ ደግሞ፦ «ከደንብ ውጭ። ሰብሳቢን ለመቅበር ሙሉ ድምፅ ያስፈልጋል።»

ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው አዩኝ።

የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ሳቁ ቆመ። «ከላይ በተገለጸው መሠረት ተስተካክሎ ከቀረበ በጋብቻው ላይ ተቃውሞ የለኝም» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ከፊርማው ላይ የእድሩ ክብ ማኅተም ተመትቷል።

በማኅተሙ አይደለም የተናደድኩት። ወደ ኋላ መልሼ ስገልጥ፣ ጡሩምባ ነፊው ከሞተበት አንቀጽ ጎን፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፦ «ሰብሳቢው ይህን እንደሰሙ ወዲያውኑ ድንኳን አስተከሉ፤ እድርተኛውም በነቂስ ወጥቶ ቀበረው።»

አባቴ የሞተው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። እኔ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። እናቴ ማለዳ ስትቀሰቅሰው አልነቃም። በዚያው ማለዳ ከታችኛው ሰፈር አንድ የእድሩ አባል አርፈው ነበር። እናቴ አቶ አሥራት ቤት ሄዳ ስትናገር፣ «ተክሉ ተቀጣሪ ነው፣ ደንቡ አይፈቅድም» አሏት። ቤት ስትመለስ፣ ለሌላኛው ሟች የሚነፋ ስለተፈለገ ጡሩምባው ይምጣ ተባለ። ሰው ተልኮ ወሰደው። አባቴ ገና አልጋው ላይ እያለ ጡሩምባው በደጃችን እየተነፋ አለፈ። ድንኳኑም ወደዚያው ሄደ። አባቴን አሥራ ሁለት ሰው ቀበረው፤ ከነሱ አንዷ እኔ ነኝ፣ በአውቶቡስ ደርሼ።

ሰማያዊውን መስመር ደግሜ አየሁት። የ«ው» ቀለበት አልተዘጋም። ቢንያም በሁለት ዓመት ደብዳቤ አንድም ቀን ዘግቶት አያውቅም።

«ወራጅ አለ» አልኩ።

በሕይወቴ ታክሲ ውስጥ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ማስቆም ስለማፍር ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ ከመውረጃዬ አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ረዳቱ ደንግጦ ጣሪያውን መታ። መንገዱን ተሻግሬ ወደ ሱሉልታ በሚመለስ ታክሲ ተሳፈርኩ።

*

የግንባታው ጥበቃ ኦቦ ገመቺስ በሩ ላይ ነበሩ።

«አካም ጅርቱ» አልኳቸው፤ በቁጣ መሀል ሰላምታ መተው አልሆነልኝም።

«አሁን አይደል እንዴ የሄድሽው?»

«ተመለስኩ።»

አዩኝ። «ጠብ ነው እንዴ? ልጥራው ወይስ ደህና ይደር?»

«ይጥሩልኝ።»

ቢንያም ከሁለተኛው ፎቅ ቢጫ ቆቡን እንዳደረገ ወረደ። የአሸዋው ክምር አጠገብ ቆምን። ፖስታውን እጄ ላይ አየ።

«አነበብሽው።»

ጣቴን ሰማያዊው መስመር ላይ አደረግሁ። «ይሄን ማን ጻፈው?»

«ማሪ፣ ካፌ ውስጥ ልነግርሽ ነበር እኮ፣ አንቺ ነሽ …»

«ማን ጻፈው?»

ቆቡን አወለቀ። «እኔ። አባባ ሦስት ገጽ ሊያሰርዝሽ ነበር። ሁለት ሌሊት ተከራከርኩት። በአንድ መስመር አስጨረስኩት። ቀዩን እርሺው፣ የእሱ ንዴት ነው፣ ለስሙ ነው። ይህቺን አንድ መስመር ካስገባሽ እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። አንድ መስመር ናት።»

«አባቴ ያላገኘው ይህችኑ አንድ መስመር ነው።»

ከፎቁ ላይ ሠራተኞቹ አዩን፤ አንዱ አፏጨ።

«ልጆች የሚስቁበት ታሪክ ነው እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሬሳ ተነስቶ ጡሩምባ ይነፋል። ማን እውነት ብሎ ይይዘዋል?»

«አባትህ ይዘውታል። ማኅተም መትተውበታል።»

«እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ አፍሮ ነው …»

«ያፈሩ ሰው ይቅርታ ይላሉ። ድንኳን በእስክሪብቶ አይተክሉም።» ድምፄ ከራሴ የወጣ አልመሰለኝም። «አንተ ደግሞ ያላየኸውን አትጻፍ። ያን ቀን እዚያ አልነበርክም።»

ቆቡን በእጁ ሲያዞር ቆየ።

«ነበርኩ» አለ።

«የት?»

«ቤታችሁ። ጡሩምባውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አባባ ነው የላከኝ፣ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጡሩምባው ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።» ወደ መሬት አየ። «በአባትሽ ላይ ተንጠራርቼ ነው ያወረድኩት።»

አንድ የአሸዋ መኪና ገብቶ እስኪያልፍ ሁለታችንም ቆምን። አቧራው ፊቴ ላይ ሲያርፍ አልጠረግሁትም።

«ሁለት ዓመት» አልኩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጽፍልኝ።»

«ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።»

«ስለ ሱሉልታ ውርጭ ጽፈህልኛል። ስለ ኦቦ ገመቺስ ውሻ ሁለት ገጽ ጽፈህልኛል፣ ቢንያም። ሁለት ገጽ።»

«እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው።»

«ብትነግረኝ አለቅስ ነበር። ከዚያ እጅህን እይዝ ነበር። እንደዚያ እንደማደርግ ታውቃለህ። ስለሄድክ አልጠላህም፤ አባትህ ልከውህ ነው። ይህችን ስትጽፍ ግን ማንም አልላከህም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ንገሪኝና ላድርገው።»

«እኔ የሞተ ሰው አስነስቼ ያናገርኩት በሕይወት ያለ ሰው ስላልተናገረ ነው። ከዚህ ሌላ የምነግርህ የለኝም።»

እጁን ዘረጋ። የእኔን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ኦቦ ገመቺስ በሩን ከፈቱልኝ። መንገዱ ዳር ደርሼ ልቤን ባዳምጠው ንዴቴ ፍቅሬን እንዳላጠፋው አወቅሁ፤ ይህም ከሁሉ የባሰ አናደደኝ።

*

ቅዳሜ ሰበታ ስደርስ እናቴ ድንቅቱ ግድግዳውን ኖራ ቀብታ ጨርሳለች። ከጎረቤት የተዋሰቻቸው ስድስት ወንበሮች ተደርድረዋል።

«ይሄ የሙሽራ ፊት ነው?» አለችኝ ገና ስታየኝ። «ወይስ ሱሉልታ ዛሬም በረዶ ጥሏል?»

«እማዬ፣ ጡሩምባውን ማን እንደወሰደው ታውቂያለሽ?»

የኖራውን ባልዲ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቀስ ብላ ነው የጠረገችው፣ ጣት በጣት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ።»

«ልጁ አውርዶት በሩ ላይ ቆመ። መውጣት አቃተው። ‹ውሰደው› ያልኩት እኔ ነኝ። ሲሄድ እያለቀሰ ነበር።»

«እና ሁለት ዓመት ሙሉ ቢንያም ቢንያም ስልሽ ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አለች። «አባትሽ ከሞተ ጀምሮ ደስ ሲልሽ አይቼ አላውቅም። ጡሩምባ ልንገርሽ?»

ሁሉም ለእኔ ብሎ ዝም ብሏል። ሁሉም ደግ ነው። ከወንበሮቹ አንዱን አንስቼ መወርወር አሰኘኝ፤ የሰው ወንበር ስለሆነ ተቀመጥኩበት። ፖስታውንም፣ ማኅተሙንም፣ የተጠየቅሁትንም ነገርኳት።

እናቴ አሰበች። «ጽፈሽ ብትገላገዪስ?» አለችኝ። «ሰውየው ደንብ አጥባቂ እንጂ ክፉ አይደለም። እኔም ከዚያ ወዲህ ተመዝግቤ አባል ሆኛለሁ፤ ስድስት ዓመት አንድ ቀብር አልቀረሁም። ደግሞ አንድ መስመር …»

«አንቺም?»

«እሺ፣ እሺ። ለመሆኑ ምን የሚል ታሪክ ነው? አገር ያወቀውን እኔ አልሰማሁትም።»

አነበብኩላት። እሷ ቆማ፣ እኔ ተቀምጬ። መጀመሪያ ላይ ከንፈሯን መጠጠች። ጡሩምባ ነፊው «እኔ» ሲል ትንሽ ፈገግ አለች። «ይሄማ ራሱ ተክሉ ነው፤ የሱ አነጋገር» አለች። ሰብሳቢው በፒጃማ ሲወጡ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ድምፅ ሲሰጥ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «‹አልሞትኩም› ይበሉ እንጂ» አለች፣ «በአንድ ተቃውሞ …» መጨረስ አቃታት። እናቴ እንዲህ ስትስቅ ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው።

ከዚያ ሰማያዊውን አነበብኩላት።

«ቆይ» አለች። «ድገሚው።»

ደገምኩት።

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «የቱን ድንኳን? እኔ አይደለሁም እንዴ የአልጋ ልብስ በገመድ ወጥሬ ሰው ጥላ ሥር ያስቀመጥኩት? ሰማያዊው አንሶላ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚስማሩ ቀዳዳ አለበት።» ተነሳች። በክፍሉ መሀል ቆመች። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። «በነቂስ ወጥቶ» አለች። «በነቂስ። እኔ ቆጥሬያለሁ። ምንም ሥራ አልነበረኝም፣ የመጣውን ስቆጥር ነው የዋልኩት።»

«እማዬ …»

«ጭራሽ ይሄን ሊያስጽፉሽ? ብቻዬን መቅበሬን እንኳ ሊወስዱብኝ ነው? ሰርዢው።»

ሰረዝኩት።

«ነገስ?» አልኳት። «ሽማግሌዎቹስ?»

«ወንበሮቹን እመልሳለሁ» አለች፤ ሁለቱን አንስታም ወጣች።

ለቢንያም አጭር መልእክት ላክሁ፦ «ታሪኩ እንዳለ ይታተማል። ለአባትህ ንገራቸው። ሽማግሌ እንዳይላክ።» እንዳነበበው ስልኬ አሳየኝ። መልስ አልመጣም። ከቀሩት ወንበሮች ባንዱ ላይ ተቀምጬ ኖራው ሲደርቅ አየሁ። ልክ መሆን እንዲህ ባዶ ያደርጋል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

*

እሑድ የወሩ መጀመሪያ ስለነበር ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ስብሰባ ነበር። እናቴ «አብረሽኝ ነይ፣ ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ አትዪ» ብላኝ ከኋላ ተቀመጥን። አቶ አሥራት ስም ጠሩ። የድንኳኑ ምሰሶ እንዲጠገን ተወሰነ። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ሲደረስ ቢንያም ከፊተኛው ረድፍ እጁን አወጣ። ተነስቶ የአባቴን ስም ከነአባቱ ስም ጠራ፤ ያን ቀን ማን ወዴት እንደላከው፣ ጡሩምባውን ከማን ራስ በላይ እንዳወረደ፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለና የት እንዳልተተከለ ተናገረ። አቶ አሥራት «ተቀመጥ» አሉት። አልተቀመጠም። እኔም ከኋላ ተነስቼ፣ የሰበታ ሰው ሁሉ እያየ፣ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።